መኪናህን ለምን እንደነካኋት

ኤስፓኞላ፣ ኒው ሜክሲኮ
እሑድ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 2013

ለውድ ባለቤቴ ለኤሎይ፤

«ውድ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጽፌዋለሁ፤ ስለዚህ እንደ ቀልድ አትየው።

እንዴት ከርመሃል? ሰሜን ዳኮታ ገና በኦክቶበር ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይላሉ። የነዳጅ ጉድጓድ ላይ የሚሠራ ሰው ካልሲ ደርቦ ይልበስ። እኔ ደህና ነኝ። ብደውል እንደማታነሳ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ደብዳቤ ብትወረውረው እንኳ ተመልሰህ ታነሳዋለህ፤ አውቅሃለሁ።

ከመጥፎው ልጀምር። መኪናህን ነክቻታለሁ።

የሄድክ ዕለት ከአባትህ የወረስካትን ኢምፓላ ሸራ አልብሰህ «ማንም እንዳይነካት!» ብለህ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርከው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራውን እንኳ አልገለጥኩም። አሁን ግን እንድትዘልልበት በገዛ እጅህ የገጠምከውን ሃይድሮሊክ፣ ሁለቱን ፓምፕና ስድስቱን ባትሪ ከኋላ ኮፈኗ አስወጥቼ፣ አራቱንም ሞላ አስፈትቼ፣ በቦታቸው ከፍ ዝቅ የሚያደርጋት የአየር ከረጢት አስገብቼባታለሁ። አዎ፣ አየር። ያ አንተ «የሽማግሌ መጫወቻ» እያልክ የምትስቅበት። ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ተቀመጥ።

ያደረግኩት ለእናትህ ነው። ኩላሊታቸው ደክሟል። ከፋሲካ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሳንታ ፌ እየሄዱ እጥበት ያደርጋሉ። እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር፤ መሐላውን ዛሬ አፍርሼዋለሁ። የዳሌያቸው ነገር እንደምታውቀው ነው፣ የእኔ ፒክአፕ ላይ መውጣት አይችሉም። ክሊኒኩ የሚልከውን መኪና ደግሞ «በሽተኛ እየለቀመ የሚዞር» ብለው ጠሉት። «በባሌ መኪና ካልሆነ አልሄድም» አሉ። እሺ ብዬ ኢምፓላዋን አወጣሁ፤ ነገር ግን አንተ ለዝላይ የሠራሃት መኪና ለታማሚ አትሆንም። ጉድጓድ በነካን ቁጥር ከንፈራቸውን ሲነክሱ በመስታወቱ አያቸው ነበር። ኦገስት ላይ «በቃኝ» ብለው ሁለት ቀጠሮ ቀሩ። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሦስተኛ ቀጠሮ ቢቀሩ በሕይወት እንደማገኛቸው እርግጠኛ አልነበርኩም።

አበልጅህን ኦኔሲሞን፣ ልጁን ክርስትና ያነሳህለትን፣ ጠራሁት።

«አየር?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ። «አንቺ ሴትዮ፣ ኤሎይ መጥቶ በዚሁ ፓምፕ ነው የሚፈነክተኝ! አየር እኮ የሽማግሌ ነው።»

«ታዲያ የምንሠራው ለማን ነው? ለጎረምሳ?»

ጢሙን አሻሸ። ከዚያ «ለእማማ ዴልፊና ከሆነማ…» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

ሦስት ቅዳሜና እሑድ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ሠራ። ጎረቤቶች ቃሪያ ሲጠብሱ ጭሱ እያስነጠሰው፣ አንተን እያማ፣ እኔን እያዘዘ። ከረጢቱ ሲነፋም ሲተነፍስም ዙሪያውን ምንም ነገር ሊነካው አይገባም አለኝ፤ አንዱ የኋላው ማርሚታው ጋ ተጠግቶ ስለነበር የጭስ ቧንቧውን ቆርጦ አዙሮ በየደው። መጀመሪያ አየር ሞልተናት አድረን ጠዋት ስንወጣ በአንድ ጎኗ ተኝታ አገኘናት። እኔ የሳሙና ውሃ መገጣጠሚያዎቹ ላይ እየቀባሁ፣ እሱ በሆዱ ተኝቶ አረፋ የምታወጣዋን ሲፈልግ አረፈደ።

እንግዲህ ሰውየው የድሮ አመሉ አይለቀው! ሳይነግረኝ አየሩን በአንዴ የሚለቁ ትልልቅ ቫልቮች ገጥሞባታል፣ መሬት ላይ ዷ ብላ እንድትወድቅ። የመጀመሪያውን ቀን ክሊኒኩ በር ላይ እናትህ እንዲወርዱ ዝቅ ላድርጋት ብዬ ማብሪያውን ስነካው፣ መኪናዋ ከነእሳቸው ዘጭ አለች። ነርሶቹ እየሮጡ ወጡ። እናትህ ባርኔጣቸውን አቃንተው፣ ከኋላ ቆሞ የሚያየውን ኦኔሲሞን ጠሩት።

«ና እስቲ ልጄ። መሬት የምገባበትን ቀን አንተ ነህ እንዴ የምትወስነው?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ለአመል ያህል ነው!»

በማግሥቱ ትንንሾቹን ቫልቮች ገጠመ። ከዚያም የወጥ ቤት ወንበራቸውን ከፍታ በሜትር ለካ፤ ከሌላ ወንበር ላይ ሲነሱ ያማቸዋል፣ ከዚያች ግን ያለ ሰው እርዳታ ይነሳሉ። የመኪናዋ መቀመጫ በዚያው ልክ ሲሆን የአየሩ መለኪያ የት እንደሚቆም አይቶ በእናትህ ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገበት። አንዷ ምልክት ለመግቢያና መውጫ፣ ሌላዋ ለመንገድ። አሁን ማንም ሳይደግፋቸው ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አልቀሩም። ኤሎይ፣ በዚህ መኪናህን በማበላሸቴ አላፍርም፤ ደግሜም አደርገዋለሁ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ነገር ልንገርህ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት የፖዋኬን መንደር እንዳለፍን፣ እናትህ ወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎች ሲያዩ ቆይተው፣ «ይቺ መኪና መጮህ ትታለች፤ አሁንስ ሰው ሊያወራባት ይችላል» አሉ። ከዚያም፦

«ኦርሊንዳ፣ እኔ አልደወልኩለትም።»

«ለማን፣ እማማ?»

«ለልጄ። አባቱ የሞተ ቀን። ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። አልበከርኪ ለመኪና ዝላይ ውድድሩ እንደሄደ አውቃለሁ፤ ገና ጊዜ ያለ መሰለኝ። ያሸንፍና በደስታ ይምጣ አልኩ።»

መኪናዋን ዳር አቆምኳት።

ቀብሩ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሦስት ጊዜ ደወልንልህ፣ የመኪና ጭፈራ በለጠብህ» ያሉህን አልረሳህም። ያን ቀን ስልክህ ባትሪው አልቆ ስለነበር አመንካቸው። አንገትህን ደፍተህ ራስህን ከሰስክ። እኔም አመንኳቸው። ከፊትህ ቆሜ አንዲት ቃል አልተናገርኩልህም፣ ማታም ጀርባዬን ሰጥቼህ ተኛሁ። በማግሥቱ ሄድክ። ከእናትህ ሸሸህ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ እንጂ ከእኔም እንደሸሸህ ልቤ ያውቃል። ይቅር በለኝ። ይህን የምለው ስለ መኪናዋ አይደለም።

ረቡዕ ዕለት እናትህ ለሐኪማቸው «ሰኞ የመጨረሻ እጥበቴ ነው» አሏት። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ማሽኑ ልጄ ጋ አያደርሰኝም» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «አንቺ ግን ታደርሺኛለሽ።» ሐኪሟ ካቆሙ በኋላ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ይቆያሉ ብላናለች። መንገዱን ልትከለክላቸው ሞክራ ነበር፤ እናትህን ታውቃቸዋለህ።

ስለዚህ ነገ ለእጥበታቸው አድርሻቸው፣ ይህንንም በፈጣን ፖስታ ልኬ፣ ማክሰኞ ጠዋት እንነሳለን። ደብዳቤው ረቡዕ እጅህ ይገባል፤ እኛ ሐሙስ ከሰዓት በርህ ላይ ነን። አትምጡ ለማለት ጊዜ የለህም፣ ሆን ብዬ ነው። ኦኔሲሞ ትርፍ ከረጢትና መፍቻውን በፒክአፑ ጭኖ ከኋላችን ይከተለናል። «ሺህ ማይል በአየር! የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ባርኔጣዬን ዝቅ አደርጋለሁ» ይላል፤ ደስታውን ግን መደበቅ አልቻለም።

ለእናትህ ሞቅ ያለ ክፍል አዘጋጅ። አልጋው ከፍ ያለ አይሁን። ጨው የሌለው ሾርባ ነው የሚጠጡት፣ አሁን ግን የፈለጉትን ይብሉ፤ ከጠየቁህ ቀይ ቃሪያ ያለበት ወጥ ሥራላቸው። ለእኔ ወለሉ ይበቃኛል። ስመለስ ግን ያን ሁሉ መንገድ ብቻዬን መንዳት አልፈልግም። በዚህም አስብበት።

የመጨረሻው ልመናዬ ይህ ነው። እናትህ ይህን እንደጻፍኩልህ አያውቁም። በራሳቸው አፍ ሊነግሩህ ነው የሚመጡት፤ ሌሎቹን ሰዎች ሁሉ ጨርሰው ተሰናብተዋል። የነገርኩህ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑ ሳትሰማው እንዳትቀር ብቻ ነው። ከደረሱ ግን አዲስ እንደሚሰማ ሰው ሁን። ቃሉ ቢጠፋባቸው አትሙላላቸው፣ «አውቃለሁ» አትበላቸው። አጠገባቸው ተቀመጥና እስኪጨርሱ ጠብቃቸው።

የቺማዮው ሕፃን ኢየሱስ መንገዳችንን ያቅናልን፣ ላንተም ለዚያች ሰዓት የሚሆን ትዕግሥት ይስጥህ።

ሚስትህ፣
ኦርሊንዳ