እንዳይመለስ የተባለው ማሰሮ

በፓስሩር ለምትገኚው ለምወድሽ እናቴ ይድረስ፤

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? የግራ ጉልበትሽ ዛሬም ደረጃ ላይ ይከዳሻል ወይስ ዘይቱን እያሸሽ ነው? ዓይንሽስ? ጎሿ ወለደች? የጓሮውን ሎሚ ውርጭ አልመታውም? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም፤ ናፍቆቱ ግን ከሁሉ ይብሳል።

ይህን የሚያነቡልሽ አባባ እንደሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ ራሳቸው በሱቁ ደጃፍ ጣቴን ይዘው አፈር ላይ እያስጫሩ ባስተማሩኝ የነጋዴ ፊደል ጻፍኩት፤ አይነበብም ብለው እንዳያመካኙ። አባባ፣ እባክዎን አይዝለሉ። እማዬ ማንበብ ባትችልም ሲዘሉ ድምፅዎ ያስታውቃል። ጨው ነጋዴው ገህና እንደነገረኝ ከመከር ወዲህ ስሜን ጠርተው አያውቁም አሉ፤ ሲቸግርዎ «ያ ሰውዬ» ይሉኛል። ይሁን። ያ ሰውዬ ነው የሚጽፍልዎት።

ገህና ባለፈው ሳምንት ደረሰ። ከአህያው ላይ ማሰሮውን ሲያወርድ ገና ክዳኑን ሳልፈታ ከሽታው አወቅሁት፤ በሰናፍጭና በዘይት የምትዘፈዝፊው የማንጎ አቻርሽ ነበር። እንደ ሕፃን አቅፌው ቆየሁ። ገህና ግን ፊቱን ወደ አህያው አዙሮ፣ «ማሰሮውን እንዳትመልሰው ተብለሃል» አለኝ። ማን እንዳለ አልጠየቅኩትም። ነሐስ ቢረክስ በአመድ ታሽቶ ይጠራል፣ ሸክላ ግን የረከሰ ሰው እጅ ከነካው መሰበር ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ቤታችን ለዘመድ የሚልከው በነሐስ ነበር፤ ለእኔ ሸክላ መጣ። አልቀየምኩሽም። አቻሩን ያሰናዳሽው አንቺ፣ ማሰሮውን የመረጠው ግን ሌላ ሰው መሆኑን አላጣሁትም። አባባ፣ ይህችንም ያንብቡላት።

እንዴት እንደረከስኩ የሰማሽው ከአንድ ወገን ብቻ ነውና ከእኔም ስሚ። በመከር እህል ልገዛ ወደ ጎይንድዋል ስመጣ፣ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን፣ ጉሩ የሚሉትን መምህር ሳላይ መመለሱ ከበደኝ። የጉሩ ቤት ወግ ደግሞ አንድ ነው፤ ሹምም ሁን ለማኝ፣ መጀመሪያ ከሰው ጋር በተራ መሬት ላይ ተቀምጠህ ትበላለህ፣ ከዚያ ትገባለህ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ማንም ሳይነካኝ ልበላ ከተራው ጫፍ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ምስር የሚያድሉት ባልቴት፣ ማይ ቲልኮ ይባላሉ፣ ጭልፋቸውን እንደያዙ ቆመው «አንተ የግድግዳው ሙሽራ፣ ወዲህ ጠጋ በል! ግድግዳው እንደሆን አይበላ» አሉኝ። ተራው በሙሉ ሳቀ። አፍሬ ጠጋ አልኩ። የተጠጋሁት ሰው ጃግሲ ይባላል፤ ቆዳ ፋቂ ነው። በተውኩት ቦታ ደግሞ አንድ እስላም ሸማኔ መጥቶ ቁጭ አለ።

እማዬ፣ በቤታችን ሕግ ከእነሱ ጎን የበላ ረከሰ ማለት ነውና እጄን ከሳህኑ ሰበሰብኩ። ጃግሲ ፊቴን አየና ሳህኑን ከሳህኔ ራቅ አደረገ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ለእኔ አዝኖ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃውን ከሰው ዕቃ ሲያርቅ ስለኖረ እጁ ለምዶታል። እኔን የረታኝ ይህ ነው፤ ስብከት አይደለም። ሳህኑን ወደ ነበረበት መልሼ ሳብኩለትና በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቂዋለሽ። እህሉን ይዤ ስገባ የሆነውን ተናገርኩ፤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። አባባ ምግቤን ከግቢው ውጭ በቅጠል አስቀመጡልኝ። አንቺ ከበሩ ኋላ ስታለቅሺ ይሰማኝ ነበር። ሳልበላው ተነሥቼ ወደዚህ ተመለስኩ።

አሁን ሰው ሁሉ ውሃ የሚቀዳበት፣ ደረጃ ያለው ትልቅ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው። ጃግሲ ይቆፍራል፣ እኔ አፈሩን በቅርጫት አወጣለሁ። እጄን ብታይው የነጋዴ ልጅ ነው አትዪም። ወገቤ ሲቆረጥ ልቀመጥ ካልኩ ጃግሲ አያስቀምጠኝም። የዛሬው፣ ሦስተኛው ጉሩ፣ ገና አገልጋይ ሳሉ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ሆነው፣ ከዚሁ ከቢያስ ወንዝ ውሃ ቀድተው ከሳቸው በፊት ለነበሩት ለሁለተኛው ጉሩ ገላ መታጠቢያ በየማለዳው እስከ ካዱር ከተማ ይሸከሙ ነበር ይባላል። እና ጃግሲ ምን ይለኛል፣ «አንተ ገና ጥርስህ ሳይነቃነቅ ደከመኝ ትላለህ? ያዝ ቅርጫትህን፣ የሱቅ ልጅ!»

አባባ ስለ መጀመሪያው ጉሩ ስለ ናናክ የተናገሩትን አልረሳሁም። ገዛ ልጆቹን ትቶ ቦታውን ለአገልጋይ ያወረሰ ሰው ለልጅ ምን ያስተምራል ብለው ነበር። እዚህ የሚያወሩት እንዲህ ነው፤ ከእርሻ የታጨደውን እርጥብ ሣር ልጆቹ አንሸከምም ሲሉ፣ አገልጋዩ ሌህና ጭቃው በሐር ልብሱ ላይ እየተንጠባጠበ ተሸከመው። ሁለተኛው ጉሩ የሆነው እሱ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ በሌህና ይደሰታል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ስለ ልጆቹ አስባለሁ። የዚያን ዕለት ማዕድ ላይ የት ተቀመጡ እላለሁ። ውርስ አልፈልግም እማዬ፤ ሱቁንም ለፈለጉት ይስጡት። እኔ የምፈልገው አንድ ሳህን ነው።

ገህና የአባባን ቃል ጨምሮ ነግሮኛል። ርኩሰት ያጥባል ወደሚባለው ወደ ጋንጋ ወንዝ ሄጄ ታጥቤ፣ ራሴን ተላጭቼ፣ ካህናቱን አብልቼ፣ ዳግመኛ ከዚያ ተራ አልቀመጥም ብዬ ብምል፣ በመጪው የቫይሳክ ወር ለእህቴ ለላጆ ሰርግ ከወንዶቹ ጋር እቀመጣለሁ። አለዚያ ደጁን እንዳልረግጥ። ላጆ ከእኔ ሌላ ወንድም የላትም። የሰርጉን እሳት ስትዞር፣ እንደ ወንድም ወግ ፈንዲሻውን ሩዝ በእጇ የሚያኖርላት ማን ሊሆን ነው? የአጎት ልጅ ይሆናል። እሷ ግን ቀና ብላ እኔን ትፈልጋለች።

ብዙ አሰብኩበት። አልሄድም። ጋንጋ ገብቼ የምታጠበው ምኑን ነው? ጃግሲን አይደለም? ታጥቤ ብመጣ እሱን ቆሻሻ ነው ብዬ መማሌ ነው። ይህን በእናንተ ማዕድ ለመቀመጥ እንኳ አላደርገውም።

ደስ ብሎኛል ብዬ ግን አልዋሽሽም። እዚህ ከመቶ ሰው ጋር እየበላሁ ብቻዬን ነኝ። ሁሉም ወንድሜ ይለኛል፤ እንደ እናንተ ሄሙ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ቂጣ ስትጋግሪ የመጀመሪያው ለላሟ፣ ሁለተኛው የእኔ ነበር። አሁን ሁለተኛውን ማን ይበላዋል? በተራው ተቀምጬ ቂጣ ሲሰጠኝ ሁልጊዜ ይህን አስባለሁ።

አቻሩን ለብቻዬ ደብቄ ልበላው ነበር። አልቻልኩም፤ ወደ ተራው ይዤው ገባሁ። ጃግሲ ቀምሶ ዓይኑ እንባ አቀረረና፣ «እናትህ ከማን ጋር ተጣልተው ነው ሰናፍጩን እንዲህ የለቀቁት?» አለ። ሳቅሁ፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። እሱም ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ማሰሮውን መልሼ ልኬዋለሁ። ለላጆ ሰርግ የሚሆን የሸንኮራ ስኳር ሞልቼበታለሁ። መሰበር ካለበት እናንተ ስበሩት፤ የአውራ ጣትሽ ምልክት አንገቱ ላይ አለና እኔ አልቻልኩም። በሰርጉ ዕለት እመጣለሁ። ደጁን አልረግጥም፤ ከውጭ ከኒሙ ዛፍ ሥር እቆማለሁ። ማሰሮው ካልተሰበረ መስኮቱ ላይ አስቀምጪልኝ፣ ሳየው እገባለሁ። ከሌለ ላጆን ከሩቅ መርቄ እመለሳለሁ።

ላጆን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ሙሽራ አታለቅስም በያት። አክስቴን ሳል ለቀቀሽ ወይ ብሎሻል በይልኝ። ጎሿን ጆሮዋን እከኪልኝ፣ እሷ እንኳ ረከስክ አትለኝም። የአባባን እግር ዝቅ ብዬ ነክቻለሁ። አባባ፣ እስከዚህ ድረስ በእርስዎ ድምፅ ከእማዬ ጋር ሳወራ ቆየሁ፤ ውለታዎ አለብኝ። የቀሩት ከግርጌ ያሉት ሁለት ቃላት ናቸው። እባክዎን እነሱን አይዝለሉ፤ እማዬ እየጠበቀች ነው።

ጎይንድዋል፣ ከቢያስ ወንዝ ዳር፣ በፋጉን ወር ጨረቃ ስትሞላ ተጻፈ።

ልጅሽ ሄምራጅ