ወተት የሚያመጡት ሰዎች ስም

ቡራዩ
ግንቦት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለካሣዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እህትህ አጸደ፣ ደሴ እሷ ጋ እንዳረፍክ በስልክ ነግራኛለች። «እስቲ አቅርቢልኝ» ስላት ግን «ወጥቷል» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስቴም ወጥተሃል። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ሳታነበው ብትቀደውም አልፈርድብህም።

እኔ ደህና ነኝ። ገበያችን ግን አብቅቶለታል።

ባለፈው መስከረም የመሸጫ ገጻችንን ፌስቡክ ላይ ስንከፍት ጎረቤታችን ወርቅቱ «ሳይቀምሱ አይብ የሚገዙ ሰዎች ጤነኞች ናቸው?» ብላ ቀኑን ሙሉ ስትስቅብን ዋለች። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከሳር ቤት ነበር፤ ሁለት ሊትር ወተትና አምስት እስር ጎመን። አንተ ራስህ በሚኒባስ ይዘህ ሄድክ። ሴትዮዋ ጎመኑ ላይ ትል አግኝታ ፎቶውን ለጠፈችው። «ትሉ ካልሞተ መድኃኒት አልተረጨም ማለት ነው» ብለህ መለስክላት፤ በማግስቱ አሥራ አራት ሰው አዘዘ። ኅዳር ላይ ከገፈርሳ ዙሪያ ሃያ ስድስት ቤት ወተት ይሰጠን ነበር። የሁሉም ስም፣ ስልክና መንደር ያንተ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። «ይህን ዝርዝር ለማንም እንዳትሰጪ፣ ነጋዴ ካገኘው ገበሬዎቹን ይወስድብናል» ትለኝ ነበር። ከነጋዴ የባሰ እንዳለ ያኔ ማናችንም አላሰብንም።

ከዚያ ማስተር ፕላኑን በመቃወም ወጣቱ ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሦስት ቀን ሙሉ ወተት ደፋን። አንዷ ደንበኛችን «ረብሻው መቼ ነው የሚያልቀው? ልጆቼ እርጎውን ለምደውታል» ብላ ጻፈችልን። እዚህ ሰው ማሳዬን አልሰጥም ብሎ ይሞታል፣ እሷ እርጎ ትጠይቃለች።

በዚያው ሳምንት ከሰጪዎቻችን ሰባቱ ታሰሩ። ከየቤቱ ወተት በባጃጅ ይሰበስብልን የነበረው ጃለታም፣ የኦቦ ደገፋ ልጅ፣ አብሮ ተወሰደ። ሚስቱ ላሊሴ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ሰባቱም የእኛ ዝርዝር ላይ ያሉ መሆናቸውን ለማወቅ ማንም ጊዜ አልፈጀበትም። ዝርዝሩ ያለው አንተ ጋ ነው። አንተ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣህ ሰው ነህ። በቃ፣ ለሰው ይህ በቂ ነበር።

ወንድሜ ኦዳ ቤት መጥቶ ቆሞ ያለህን አልረሳሁም። «ካሣዬ፣ እኔ ልመንህ ወይስ አልመንህ አላውቅም። ሰዎቹ ግን ወስነዋል። ዛሬውኑ ውጣ።»

«እኔ ለማንም አልሰጠሁም» አልከው። ከዚያ ወደ እኔ ዞርክ። እኔ እንቁላል ገለባ ውስጥ እየደረደርኩ ነበር። ቀና አላልኩም። አንተም ጃኬትህን አንስተህ ወጣህ። እሷም ጠረጠረችኝ ብለህ ነው የሄድከው።

አልጠረጠርኩህም ካሣዬ። ዝርዝሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ወተት መድፋት ከጀመርን በሦስተኛው ቀን አንተ ወጣ እንዳልክ ሦስት ሰዎች መጡ። ከጸጥታ ነን አሉ። አልጮኹብኝም፣ አላስፈራሩኝም። «ወተት የሚያመጡትን ሰዎች ስም ብትሰጪን የመንገድ ማለፊያ ወረቀት እናወጣላቸዋለን» አሉኝ። በርሜሉ ውስጥ የቆመውን ወተት እያየሁ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ እስክሪብቶ ስለጠየቁኝ እሱንም ሰጥቼ፣ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። አንዱ ሲወጣ «እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። «አሜን» አልኩት።

ለምን ዝም አልሽ ትለኝ ይሆናል። ፈራሁ። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም፣ ከዚህ ወዲያ አልዋሽህም። ኦዳ ሲናገር «እሱ የሚሄድበት አገር አለው፣ እኔ ግን ከቡራዩ ሌላ የት እሄዳለሁ?» ብዬ አሰብኩ። አንተ እዚያው ቆመህ ሳለ፣ አሳልፌ ልሰጥህ ይህች ሐሳብ ብቻ በቃችኝ።

ጃለታ ሚያዝያ ላይ ተፈታ። ግራ ጆሮው አይሰማም። ልጁ ስትወለድ አባቷ እስር ቤት ነበር። እሱን ካየሁ ወዲያ ኦቦ ደገፋ ቤት ሄድኩ። ላሊሴ እርጎ አቀረበችልኝ። «ኦቦ ደገፋ፣ ስማቸውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ካሣዬ አይደለም» አልኳቸው። ላሊሴ እርጎውን ከፊቴ አነሳችው።

ኦቦ ደገፋ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለባልሽ ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ እኔ ቤት ምን ትሠሪያለሽ? ለእሱ ጻፊለት። ያባረረው አገሬው ነው፣ አገሬው ፊትም ተናገሪ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ሂጂም አላሉኝም።

እሁድ እድሩ ሲሰበሰብ ተነስቼ ተናገርኩ። አንድ ሰው እንኳ አልጮኸብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ኦዳ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወተት ያመጣልኝ የለም። ወርቅቱ ብቻ በደጃፌ ስታልፍ ቆም ብላ «ለእሱ ነው ያዘንኩት» አለችኝ።

ገጹ ላይ «ሥራ አቁመናል» ብዬ ጻፍኩ። ከመቶ በላይ ሰው አነበበው። ምን ሆናችሁ ብሎ የጠየቀ የለም፤ አንዱ ብቻ «ሌላ የምታውቁት አለ?» አለ።

አሁን ቡራዩ ብትመጣ ማንም ክፉ አይናገርህም። ቤቱ የአንተም ነው፤ ከእኔ ጋር መኖር ካልፈለግህ ኦዳ ጋ እገባለሁ፣ ካስገባኝ። እዚያው እቆያለሁ ካልክም ልብስህንና ኮምፒውተርህን በአውቶቡስ እልክልሃለሁ።

ደሴን ያልምድህ እንዳልል፣ አልፈልግም። ወደ ቤትህ ያምጣህ እንዳልል፣ የምልበት አፍ የለኝም። እንዲያው ባለህበት በጤና ያቆይህ።

ኤቢሴ