መርዶዬን ወደብ ላይ ጥሎ ለተመለሰው ኮሚቴ

ሮናሳይ ደሴት፣ ስኮትላንድ
ሰኔ ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወልደሥላሴ፣
በጄኔቭና በዙሪክ የኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሳውያን ዕድር ሊቀ መንበርና የመርዶ ኮሚቴው የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ግልባጩ በጄኔቭ ኦ ቪቭ አዳራሽ በር ላይና በዙሪኩ ዜባህ ሰፈር በሚገኘው በወይዘሮ ሕብስት ቤት መግቢያ ላይ ተለጥፎ ማንም እንዲያነበው ይሁን።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት የኮሚቴው አባላትና ባሕር ባየ ቁጥር ለሚታወከው ሆድዎ እግዚአብሔር ፍጹም ጤና እንዲያድልልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የወይንሐረግ በቸርነቱ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ነፋሱ የዶሮ ቤቴን ጣሪያ ነቅሎ ወስዶ የጎረቤቴ በጎች መጠለያ አድርገውታል፤ ይህን ወሬ ሳልጠየቅ የምነግርዎ፣ በዚህ ደሴት ሰው የደረሰበት ነገር ሁሉ በዕለቱ ስለሚነገር ልማዱ ተጋብቶብኝ ነውና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢያን ራሴን ላስተዋውቅ። በወጣትነቴ ኤደንብራ ተልኬ ነርስነት ተምሬ አዲስ አበባ ስሠራ ቆይቼ በሰባው ዓመተ ምሕረት ከአገር ወጣሁ። ስዊዘርላንድ ዲፕሎማዬን በአክብሮት ከተመለከተች በኋላ በዙሪኩ አውሮፕላን ማረፊያ በክሎተን በሚገኝ የአውሮፕላን ምግብ ማዘጋጃ ውስጥ ትሪ እንዳጥብ ፈቀደችልኝ። ዜባህ ከጓደኛዬ ከሕብስት ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን ስንኖር፣ ነርስ ሁሉ አልሄድም ያለበት ደሴት ነርስ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አየሁ። ማንም የማይፈልገው ቦታና ማንም የማይፈልጋት ነርስ በዚህ ሁኔታ ተገናኘን፤ ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ቅሬታ የለንም።

ሮናሳይ ላይ መቶ የማይሞላ ሰው፣ ከሰው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በግ፣ አንድ ሱቅና አንድ የስልክ ሳጥን አለ። መርከቡ ባሕሩ ሲፈቅድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ እሑድ ግን ባሕሩ ቢፈቅድም እነሱ ስለማይፈቅዱ አይመጣም። በሰንበት ልብስ አጥቦ ያሰጣ ሰው እስከሚቀጥለው ሰንበት ይወራበታል። ቤተ ክርስቲያናቸው ኦርጋን የለውም፤ አንድ ሽማግሌ መዝሙረ ዳዊቱን እየመራ ሕዝቡ ይቀበለዋል፤ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት የእኛ መሪጌቶች መቋሚያቸውን ቤታቸው ረስተው የመጡ መስሎኝ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል እኔ በአሮጌ መኪና እየዞርሁ የሽማግሌዎቹን የደም ግፊት እለካለሁ፤ ስሜ ስለከበዳቸውም ሁሉም "ነርስ" ይሉኛል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፤ ስለ ርኅራኄያችሁ።

እናቴ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ባለፈው ኅዳር አርፋ፣ ወንድሜ ኃይለመለኮት በስንት መከራ የስልክ መስመር አግኝቶ ለእርስዎ እንደነገረዎ፣ ኮሚቴውም ወዲያው ተሰብስቦ መርዶው በአካል እንዲነገረኝ እንደወሰነ ዘግይቼም ቢሆን ሰምቻለሁ። ውሳኔው የወግ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በዚህ አልከራከርም። ከዚያ በኋላ ግን ገና ደረሰና በዓሌ እንዳይበላሽብኝ አሰባችሁልኝ። ጥምቀት ተከተለ፣ ለእሱም አሰባችሁልኝ። ቀጥሎ ዐቢይ ጾም ገባና በባዶ ሆዴ ሐዘን እንዳይጎዳኝ ሠጋችሁልኝ፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ጾሜን በእንባ እንዳልፈታ ተጨነቃችሁልኝ። ባቡር ደቂቃ በማያዛንፍበት አገር እየኖራችሁ የአንዲት ሴትን ሐዘን ከአንድ በዓል ወደ ሌላ በዓል ስታሻግሩ መክረማችሁ ቀላል ድካም አይደለም። የእናቴ አርባ በወጣበት ሰሞን እኔ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ዶሮ ወጥ እያበላሁ፣ በርበሬው ሲያስነጥሳቸው እያየሁ እስቅ ነበር። ያ ሳቅ የእናንተ ስጦታ ነው፤ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

፪ኛ፤ ስለ ወይዘሮ ሕብስት።

ኮሚቴው ሕብስትን ምንም እንዳትተነፍስ ቃል አስገብቷታል። በየወሩ ከስልክ ሳጥኑ እደውልላታለሁ፤ እናቴስ እንዴት ናት ብዬ በጠየቅኋት ቁጥር ደህና ናቸው ትለኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል ብላኛለች። ሞራግ የምትባለው የሱቁ ባለቤት ከገዛ በጎቿ ጠጉር ፈትላ ለእናቴ ለክረምቱ ብርድ የሚሆን ሻል ሠርታ ሰጥታኝ፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እንድትሰጥልኝ ለሕብስት ላክሁላት። እሷም ደርሶኛል፣ በጣም ያምራል አለችኝ። ሕብስት ሻሉን ራሷ እንድትለብሰው በዚህ አጋጣሚ ፈቅጄላታለሁ፤ ዜባህም ይበርዳል። በስልኩ ላይ ድምፅዋ ሲሰባበር ጉንፋን ይዞኛል ትለኝ የነበረው ምን እንደነበረ አሁን ገብቶኛል፤ ክረምቱን ሙሉ ያልለቀቃትን ያን ጉንፋን ያስያዛት ኮሚቴው ነውና ለእሷም የሚገባውን ምስጋና ተቀበሉ።

፫ኛ፤ ስለ ጉዟችሁ።

ከፋሲካ በኋላ እርስዎ፣ የኮሚቴው አባል አቶ ከተማና ሕብስት ጥቁር ለብሳችሁ በአውሮፕላንና በባቡር የእኛ መርከብ ከሚነሣበት ኦባን ወደብ ደርሳችኋል። ይህን የነገረኝ ዶናልድ የሚባል፣ በመርከቡ ላይ ገመድ የሚወረውር የደሴታችን ሰው ነው። ዶናልድ እንደሚለው ያን ዕለት ባሕሩ "ትንሽ ተነሥቶ" ነበር። መርከቡ ግን ሄዷል። ዶናልድም፣ የሱቁ ዱቄትም፣ ለእርባታ የተገዛ አንድ አውራ በግም ተሳፍረው ሄደዋል። እርስዎ ማዕበሉን አይተው የኮሚቴውን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ እንደማይገባ ወሰኑ፤ አቶ ከተማም ከክሎተን ሥራቸው የወሰዱት ፈቃድ ስላለቀ ሌላ ቀን መጠበቅ አልተቻለም። በፍርሃታችሁ አልስቅም፤ ባሕሩ እኔንም ያስፈራኛል። ሕብስት ብቻዬን ልሂድ ብትል ግን ብቻውን የሄደ ሰው መርዶ አይናገርም ብላችሁ አስቀርታችኋታል። ዶናልድ ነጠላ የለበሰች ሴት መርከቡ ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ ዝናብ ላይ ቆማ እንደነበር ነግሮኛል።

ትልቁ ውለታዎ ግን መርከቡ ከመነሣቱ በፊት የዋሉልኝ ነው። ዶናልድ መልእክት ካለ እኔ አደርሳለሁ ቢልዎ፣ የእናቴ መርዶ ለባዕድ እንደማይሆን ለማስረዳት ሲሉ በሚሠሩበት ዓለም አቀፍ ድርጅት እንግሊዝኛ ወጋችንን አንድ በአንድ ዘረዘሩለት። መርዶ በማለዳ፣ ሐዘንተኛው እህል ሳይቀምስ ይነገራል። የሚሄዱት ብዙ ሆነው ነው። የሚናገረው በዕድሜ የገፋ ነው። ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጎዳ አንድ ብርቱ ሰው ከኋላው ይቆማል፤ ከዚያም ብቻውን አይተውም። እርስዎ ይህን የተናገሩት ሰውየው እንዲተወው ነበር። ዶናልድ ግን አደራ የተቀበለ መሰለውና እንዳይረሳው እስከ ደሴቱ ድረስ ለራሱ ሲደጋግመው መጣ።

፬ኛ፤ ስለ ተወካዮቻችሁ።

በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። እዚህ ማንም በር አያንኳኳም፤ ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው "አለሽ?" የሚለው፤ ስለዚህ ገና ከመክፈቴ በፊት ደንግጫለሁ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች እስከ አጥሬ ድረስ ቆመዋል። ሱቁ ተዘግቷል፤ ለማገዶ የሚቆርጡትን ጥቁር አፈር እንኳ በዚያ ደረቅ ቀን የሚቆርጥ አልነበረም። የዓሣ ጀልባ ሰጥሞ ሰው ያለቀ መስሎኝ የነርስ ቦርሳዬን አነሣሁና የተጎዳው ማነው አልሁ። ሞራግ ቦርሳውን ከእጄ ወስዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። የዶናልድ ሚስት ቀስ ብላ ዞራ ከኋላዬ ቆመች።

"ነርስ፣ ዛሬ የመጣነው ላንቺ ነው። እናትሽ አርፋለች" አለችኝ ሞራግ። "ሰዎችሽ ሊነግሩሽ እስከ ወደቡ ድረስ መጥተው ነበር።"

ልብ ይበሉልኝ ክቡርነትዎ፤ ተመለሱ አላለችም።

ዜባህ ሳለን አቶ ኅሩይ ወንድማቸው ሲሞት፣ የሕንፃው ደንብ በምሳ ሰዓትና በማታ ድምፅ ስለሚከለክል፣ ኮሚቴው ሬዲዮ አስከፍቶ ትራስ አፋቸው ላይ አድርገው እንዲያለቅሱ እንዳደረገ አልረሳሁም። እኔ እዚህ ደረቴን እየመታሁ እንደ ልቤ ጮኽሁ። እነዚህ ሰዎች ድምፅ አውጥተው ማልቀስ አያውቁም፣ የምለውም ቃል አይገባቸውም፤ ይሁን እንጂ አንድም ሰው ዝም በይ አላለኝም። ሽማግሌው መዝሙረ ዳዊት መራ፤ ሴቶቹ ሾርባ እያፈራረቁ አመጡ፤ ዶሮዎቼን አበሉልኝ። በሽተኞቼ ተራ በተራ እየመጡ ክኒናቸውን መዋጣቸውን ካስረዱኝ በኋላ አጠገቤ ቁጭ ይሉ ነበር። ከሰልስት በፊት ለአንድ አፍታም ብቻዬን አልተዉኝም፤ ይህን ያደረጉት እርስዎ ስላዘዙ ነው። ኮሚቴው ከተመሠረተ ጀምሮ ትእዛዙ እንዲህ ሳይጓደል የተፈጸመበት ጊዜ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

፭ኛ፤ ስለ መጨረሻው ውሳኔያችሁ።

ባለፈው ስብሰባችሁ፣ ከባዕድ እጅ የተቀበልሁት መርዶ እንደ መርዶ እንደማይቆጠር፣ ስለሆነም በመጪው ሐምሌ ኦ ቪቭ አዳራሽ ቀርቤ በወጉ እንዲነገረኝ፣ ሽማግሌዎቹ ተናግረው እስኪጨርሱም ምንም እንዳልሰማ ሆኜ እንድቀመጥ መወሰናችሁ ደርሶኛል። ስለ ታዛዥነቴ እንዳይጠራጠሩ መስተዋት ፊት ቆሜ የእናቴን ሞት እንዳልሰማ ለመሆን ሞክሬአለሁ። አልሆነልኝም። ገና ከመጀመሬ ፊቴ እንቢ አለኝ።

እስካሁን ያልሁትን ሁሉ በቀልድ ልውሰደው ብል ቀጥሎ ያለውን ግን አልችልም። ወንድሜ በስልክ ለእርስዎ የነገረዎ የእናቴ የመጨረሻ ቃል እንዳለ፣ ያንንም ከአዳራሹ በቀር በሌላ መንገድ እንዳይሰጠኝ ኮሚቴው መከልከሉን ሕብስት ነግራኛለች፤ ቃሉን ግን እሷም አልሰማችም። ወንድሜ ከየካቲት ወዲህ ወደ ሰሜን ዘምቶ ድምፁ ጠፍቷል። ስለዚህ ዛሬ እናቴ ልትሞት ስትል ያለችውን የሚያውቅና ላገኘው የምችል ሰው በዚህ ዓለም ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እርስዎም ሥነ ሥርዓቱ እስኪሟላ ይዘውታል። ሁላችንም ከአገር የወጣነው ልጅን ገድሎ ለእናት ከማይናገር መንግሥት ሸሽተን ነበር። ኦ ቪቭ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ይኸው ልማድ በአጀንዳና በቃለ ጉባኤ እንደሚቀጥል ሳላውቅ ትሪ ሳጥብ ኖሬአለሁ።

እኔ አልመጣም። እዚህ በቅርቡ የምትወልድ ሴት አለችኝ፤ ሐዘኔም እዚሁ ተነግሮኝ እዚሁ ተለቅሷል፣ ሁለተኛ አይነገርም። ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን እናቴ ትናፍቀኛለች።

ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተሙ የማይደርቅ ቀለም፣ ለእርስዎም ወደፊት በየብስ ብቻ የሚያልፍ መንገድ እየተመኘሁ፣ በዕድሩ መዝገብ ላይ ሐዘን እንዳልደረሰባት ተቆጥራ የምትገኘው፣ አክባሪዎ

የወይንሐረግ፣ የሮናሳይ ነርስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ሰሞኑን በለንደን በኩል ካለፈ ሰው ስለ ታላቅ እህትዎ ስለ ወይዘሮ ምንትዋብ ከአዲስ አበባ የሰማሁት ነገር አለ። እንዲህ ያለውን ነገር በደብዳቤ መጻፍ በኮሚቴው ደንብ የተከለከለ ስለሆነ፣ ሁኔታዎች ሲመቻቹልኝ በአካል መጥቼ እነግርዎታለሁ።

ቁጭ ይበሉ፤ አይደንግጡ። ወይዘሮ ምንትዋብ በፍጹም ጤና ናቸው፤ ሰላምታም ልከውልዎታል። ከላይኛው አንቀጽ እዚህ እስኪደርሱ ድረስ በሆድዎ ያለፈውን ግን እንዳይረሱት። ሳይበርድልዎ ወረቀት ያንሡና እናቴ ምን ብላ እንደሞተች ይጻፉልኝ።