ባለ ቀይ ክዳኑ ድስት

አሰላሙ አለይኩም አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብልህ ትስቅብኛለህ፤ ሳልጠይቅህ ግን ወሬ መጀመር አልችልም። እንዴት ነህ አባቴ?

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በሽታው ጋብ ብሏል፣ ማስኩን ግን ገና አላወለቅንም። የጄፔ መንገዱን ሱቅ እማዬ ይዛዋለች። ብታምንም ባታምንም ባኪ መኪናህን የምትነዳውም እሷ ናት! አንተ ስትነዳ አጠገብህ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ ታደርግ የነበረችው ሴትዮ፣ ዛሬ ከከተማ ውጭ ዳቬይተን ድረስ ዕቃ ጭና ትሄድና ከታክሲ ሾፌሮች ጋር በዙሉኛ ተጨቃጭቃ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ የቻይና ምግብ ካልበላሁ ብዬ ስጨቀጭቅህ ከርሜ፣ አንድ እሑድ ሱቁን በጊዜ ዘግተህ ሲሪልዲን፣ ቻይኖቹ ሰፈር፣ ምግብ ቤት ወሰድከኝ። እንግሊዝኛ ለገበያ ያህል ትናገራለህ እንጂ አታነብም ነበርና፣ ሜኑውን ሰጥተኸኝ ሐላል ይላል ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። አይልም ነበር። እንዲያውም የመጀመሪያው መስመር የአሳማ ሥጋ ነው። እኔ ግን ጓጉቻለሁ፤ አዎ፣ ይላል አልኩህ። ጎበዝ ብለህ ራሴን ዳበስከኝ።

ከዚያ ወዲያ ስንት እሑድ ሄድን! በሊጥ የተጠቀለለውን ሥጋ የተቀቀለ ሳምቡሳ እያልክ፣ ቢስሚላህ ብለህ ስትጎርስ፣ እኔ ከፍ እያልኩ ስመጣ አቀርቅሬ መብላት ጀመርኩ። ልነግርህ አስቤ ስንቴ አፈርኩ። ከዚያ ታመምክ፣ ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም ነበር፣ አፉ በለኝ ሳልልህ ሄድክ። አባቷን ሐራም ያበላች ልጅ ነኝ እያልኩ ስንት ሶላት ላይ አለቀስኩ መሰለህ።

ባለፈው ሳምንት ምግብ ቤቱ እንደገና ተከፈተ ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። አንተ እቴቴ የምትላት የምግብ ቤቱ ባለቤት ከነማስኬ ለየችኝ። መሞትህን ስነግራት ወንበር ስባ ቁጭ አለች። እንደምንም ደፍሬ፣ አባቴ የሚበላው የምን ሥጋ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። እጄን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት አስገባችኝና ከመደርደሪያው ጫፍ ለብቻው የተቀመጠ ባለ ቀይ ክዳን ድስት አወረደች። ወይኔ አባዬ! እኛ ሱቅ የምንሸጠው ድስት! እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አስረህበታል።

ለካ የመጀመሪያው ቀን እጄን ልታጠብ ስሄድ ማዕድ ቤት ገብተህ፣ አፍንጫህን በጣትህ ወደ ላይ ገፍተህ አሳማ መስለህ ጠይቀሃታል። ያን ዕለት ጎመንና እንቁላል ብቻ ጠቅልላ አበላችን። በሳምንቱ አዲስ ድስት ከሱቅ፣ ሥጋ ከፎርድስበርግ ሙስሊም ሥጋ ቤት ይዘህላት ሄድክ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሥጋውን አድርሰህ ትመለስ ነበር። የኔም ምግብ የሚበስለው በዚያው ድስት ነበር።

እዚያው ቆሜ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ተመስገን! ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ እንቅልፍ ሆኗል። አንተ ግን ጉደኛ ነህ፤ እያወቅክ እሑድ በመጣ ቁጥር ሜኑውን እየሰጠኸኝ ሐላል ይላል ወይ ትለኝ ነበር እኮ! እውነቱን እስክናገር ነበር የምትጠብቀኝ?

የፊታችን እሑድ እማዬን ይዣት እሄዳለሁ፤ ቅዳሜ ሥጋውን እኔ አደርሳለሁ። ድስቱ እዚያው ይቆያል። በሕይወት እስካለሁ ያን ሜኑ በከፈትኩ ቁጥር አስታውስሃለሁ፣ ጥያቄህንም እመልስልሃለሁ።

አይልም፣ አባዬ። ሐላል አይልም። አፉ በለኝ።

ልጅህ ሰሚራ