ያ ቀዝቃዛ ቅባት

ወይንሸትዬ፣ ከሚሴ ከመጣሁ ወር ሊሆነኝ ነው። ሙቀቱን ለመድኩት፤ ሥራው ግን ከበደኝ።

ጋሽ ሙሀመድኑር የሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ናቸው። የበሬ ጎን በመዳፋቸው ጫን አድርገው የውስጡን በሽታ ያውቃሉ ይባላል። የእሳቸውን ጎን ደግሞ በመጣሁ ሳምንት እኔ በአልትራሳውንድ አየሁት። መሣሪያው ድምፅ ወደ ሆድ ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን ሥዕል ያደርገዋል። ጉበታቸው ላይ ትልቅ እብጠት ነበር። ደሴ ሄደው ሲቲ ስካን እንዲነሡ ነገርኳቸው፤ እሱ ራጁን ዙሪያቸውን እያዞረ ውስጣቸውን በስሱ ሸንሽኖ ያሳያል። እሳቸው ግን የቀባኋቸውን ጄል አላስጠርግ አሉኝ።

«ነን ፈዬ፣ ድኛለሁ ልጄ! አልሐምዱሊላህ፣ ቀለለኝ። ከቅባቱ ትንሽ ለቤት ስጪኝ።»

ጄሉ ድምፁን ለማሳለፍ እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ አስረድቼ ከለከልኳቸው። ሆዳቸውን በመዳፋቸው እያሹ፣ መርቀውኝ ወጡ። እኛ ደብረ ብርሃን ታካሚ ሳይጨቃጨቅ አይወጣም፤ እኔን ያንገበገበኝ ምርቃታቸው ነው።

ዛሬ ልጃቸው ዙቤይዳ ባዶ የሽቶ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ደሴ ውሰጃቸው ብዬ ለመንኳት።

«አሁንማ መንገዱን አይችለውም» አለችኝ። «ያን ቀዝቃዛ ቅባት ያኔ ብትሰጠኝ ኖሮ እያለ ነው።»

የምጽፍብሽ ፖስት ካርድ ሞላብኝ። እትዬ አስካለን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆችሽንም። ብልቃጡን ሞልቼ ሰጠኋት፤ አትቆጪኝ።

እጹብ