ለሁለት ሶኬት ሽማግሌ ስለ መላኬ

ለተከበሩ ጋሽ ሀይሉ፣
የግቢያችን ባለቤት፣ የስድስት ክፍልና የስድስት ሶኬት ጌታ፤
መርሳ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም በየማለዳው የተከራዮችን ብሬከር እየዞረ የሚጎበኘው ቀኝ እጅዎ ደህና ይሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ በጓሮ በኩል ያለችው የሁለተኛዋ ክፍል ተከራይዎ ፋንቱ፣ ከስልሳ እንቁላሎቼ ጋር ሆኜ ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በግቢው በር ላይ ስለጥፍ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ። እርስዎ ስለ ውሃ፣ ስለ ልብስ ማስጫና ስለ እንግዳ ብዛት የሚያወጧቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ የሚለጠፉት እዚያው ስለሆነ፣ የቤቱን ደንብ ጠብቄ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን አለኝ። ማሽኑ ስልሳ እንቁላል ይይዛል፤ ሃያ አንድ ቀን ሙቀት ካልተለየው ጫጩት ይሰጣል፣ ከተለየው ደግሞ የሚሰጠው ሽታ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ሙቅ ውሃ የሞላሁበትን ጄሪካን አስጠግቼ ብዙ ጊዜ አሳልፌዋለሁ። ለጋሽ ሀይሉ ግን ብርድ ልብስ አልበቃኝም። ስለዚህ በክፍሌ ግድግዳ ላይ ሁለት ተጨማሪ ሶኬት በራሴ ወጪ እንዳስገባ ፈቃድዎን ጠየቅሁ። ቅሬታ ማቅረብ ለእርስዎ ክብር ስለማይመጥን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሶኬቱ ከፍታ። ነፍሳቸውን ይማርና አባትዎ ይህን የጭቃ ቤት ሠርተው መብራት ሲያስገቡ፣ ለየክፍሉ አንድ አንድ ሶኬት፣ ያውም ከበሩ መቃን በላይ አስገጠሙ። ያኔ የሚሰካው ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሬዲዮ ብቻ ነበርና ልክ ነበሩ። ዛሬ እኔ ማሽኑን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃዬንና ስልኬን ለመሰካት በርጩማ ላይ እወጣለሁ። ሁሉን የሚሸከመው ዲቫይደር ከላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ንፋስ በሩን ባላጋው ቁጥርም መሰኪያው እየላላ ይወጣና ማሽኑ ይጠፋል። በአርባ ሁለት ዓመቴ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ያገኘሁት በእርስዎ ቸርነት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ. ስለ ሳይንስ ትምህርትዎ። ምንም ያልተሰካበት ሶኬት፣ በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ፣ መብራት እያንጠባጠበ እንደሚያድር አስተምረውኛል። ሶኬት በበዛ ቁጥር መፍሰሻው ይበዛል ማለት ነው። ወልድያ ካሉት ምሁራን አንዳቸውም እስካሁን ያልደረሱበትን ይህን ግኝት ለአንዲት ተከራይ በነፃ ስላካፈሉ፣ ዕውቀትዎን ለራስዎ ብቻ ባለማስቀረትዎ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ስለዚያች ቅዳሜ። ባለፈው ወር መኖ ልገዛ ግራና ገበያ በሄድሁበት ቀን፣ ከተዘጋው ክፍሌ የማሽኑን ድምፅ ሰምተው "ሰው በሌለበት ቤት እሳት ሊነሳ ነው" ብለው ብሬከሬን አወረዱት። የእንቁላሎቹ አሥራ ስምንተኛ ቀን ነበር። አመሻሽ ላይ ስመለስ ማሽኑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ከስልሳው ዘጠኝ ብቻ ወጡ። ስለ ቀሩት ሃምሳ አንዱ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ ይህን እንኳ በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ዘጠኙ ግን አድገው ዛሬ በግቢው ውስጥ እርስዎን ተከትለው ሲዞሩ አያለሁ። ቂም የሚባል ነገር አያውቁም፣ በዚህ ከእኔ ይሻላሉ።

4ኛ. ስለ ሽማግሌዎቹ። ከዚህ ሐዘን በኋላ ሁለት ሶኬት ይፈቀድልኝ ብዬ ደጅዎ ብቆም፣ "የአባቴ ግድግዳ እንዲህ በቁም አይጠየቅም፤ ሰው ላኪ!" አሉኝ። እኔ ደግሞ የታዘዝሁትን የማደርግ ሰው ነኝና ባለፈው እሁድ ላክሁ። ጨርቅ ነጋዴው አባ ኡበይደላ፣ ጡረተኛው ሾፌር አቶ በላይና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሀብቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። አባ ኡበይደላም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "አመጣጣችን ለኸይር ነው፤ አንቱም የሰው ፊት የማይመልሱ ሰው ነዎት፤ ለፋንቱ ክፍል ሁለት ሶኬት ይስጡልን" አሉ።

እርስዎም፣ ዕድሜ ይስጥዎና፣ ወዲያው የሙሽራ አባት ሆነው ቁጭ አሉ። ሶኬቶቹ የማን አገር ሥራ እንደሆኑ፣ ቀድሞ ሌላ ቤት ገብተው የወጡ እንደሆነና እንዳልሆነ ጠየቁ። ሀብቴ ከነካርቶናቸው አዲስ መሆናቸውን ምሎ አረጋገጠ። ቀጥለው የጥሎሹን ነገር አነሱ፤ ለግቢው በር አንድ ትልቅ አምፖል ይበቃል ተባለ፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ "ዘመድ ላማክር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" ብለው ሸኟቸው። ሁለት ሶኬት ለመዳር ዘመድ ጉባኤ የሚቀመጥበት ቤት ተከራይ በመሆኔ ኩራት ይሰማኛል።

አሁን ትንሽ ከልቤ ልናገር። ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። የጭቃ ግድግዳ በመሮ ሲነካ እንደሚረግፍ አውቃለሁ፤ ይህን ጭቃ አባትዎ ከጭድ ጋር በእግራቸው የረገጡት መሆኑንም ስንት ጊዜ ነግረውኛል፤ ሲናገሩ ድምፅዎ ይለወጣል፣ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሀብቴ አንዲት ቀዳዳ አልቆፍርም ብሏል። አዲሱን ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ አድርጎ በምሰሶው እንጨት ላይ እያሰረ ያወርደዋል፤ ከቆጣሪው ጀምሮም የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኖረዋል። እሳት የሚያመጣው ዛሬ እንደማደርገው ሁሉን ነገር በአንድ አሮጌ ሶኬት ላይ ማንጠልጠል እንደሆነ ፊትዎ ቆሞ ነግሮዎታል። ባለፈው ዲቫይደሩን ብነካው ጣቴን ፈጀኝ፤ እኔም ፈርቻለሁ።

ችግሩ የቀጠሮው ነው። የአሁኖቹ ስልሳ እንቁላሎች ሃያ አንድ ቀን የሚሞላቸው ነገ ሐሙስ ነው። ጫጩቶቹን ቀኑን አራዝሙልኝ ብዬ የምልክባቸው ሽማግሌ የለኝም። እነዚህንም ካጣሁ ሌላ የምጀምርበት አቅም የለኝምና፣ ማሽኑን ሸጬ፣ ክፍሉን ለቅቄ ወደ እህቴ ቤት መሄዴ ነው። ስለዚህ ፈቃድዎ ከዘመድ ጉባኤው ቀደም ብሎ እንዲደርሰኝ፣ እስከዚያውም ብሬከሬን በዓይንዎ ብቻ እንዲጎበኙት በትሕትና እለምናለሁ።

ግድግዳዎ አይነቃነቅ፣ ጣራዎ አያፍስስ፣ አምፖልዎ አይቃጠል እያልሁ፣ የክፍልዎ ተከራይ፣ የብሬከርዎ ታዛዥ፣ ለሶኬትዎ ስትል በርጩማ የወጣች፣

ፋንቱ አስማረ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ረፋድ ላይ የተጨመረ። ዛሬ ማለዳ እርስዎ ለዓይን ምርመራ በሚኒባስ ወደ ወልድያ እንደሄዱ፣ ንፋስ በሩን አላጋውና ዲቫይደሩ ከነሶኬቱ ወልቆ ወደቀ። መልሼ ብሰካው እምቢ አለ። ጩኸቴን የሰሙት ባለቤትዎ ወይዘሮ የሻረግ ሮጠው መጡ፤ ጆሯቸውን ማሽኑ ላይ ለጥፈው፣ "እሰይ፣ ይንጫጫሉኮ! ምን ቆመሻል፣ ተሸከሚያ!" አሉኝ። ተሸክመን ሳሎንዎ አስገባነው። ሳሎኑም ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ስለሆነ ቴሌቪዥንዎ ለጊዜው ተነቅሏል። ይህን ስጽፍ ሃያ ሦስት ጫጩቶች ወጥተው ስሊፐርዎ ላይና ዙሪያው እየደረቁ ነው፤ ሌሎቹም ቅርፊቱን እየሰበሩ ነው። ወይዘሮ የሻረግ ከማሽኑ አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። ሀብቴን አስጠርተው የሳሎኑን ግድግዳ እያስለኩት ሲሆን፣ ያዘዙት አራት ሶኬት ነው። እኔ የጠየቅሁት ሁለት ብቻ እንደነበር ይመስክሩልኝ።