የወንድሜ ሦስተኛ ፎቅ

ሰኔ 6

መልተሚው፣ የበጋችን የሰሜን ነፋስ፣ ገባ። በቃ፣ የደሴታችን በጋ ጀመረ። ከአቴንስ የሚመጣው መርከብ ዘግይቷል፤ የኛ ባሕር ዳርቻ ግን ሠርግ ላይ ነው። ከሰሜን፣ ሃያ ሁለት ኖት፣ እኩል... ከጎጆዬ ደጃፍ ሆኜ ነፋሱን የምታሳየኝን ባንዲራ ሳያት ዋልኩ፤ አንዴም አልታጠፈችም። ካይቶቹ፣ በገመድ የምንይዛቸው የነፋስ ሸራዎች፣ ተነሡ፣ ተማሪዎቼን ከነጣውላቸው ውሃው ላይ ጎተቷቸው፣ ማንም አልተጎዳም። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ምን ብሎ ይቆጣል?

ወንድሜ ያኩሚስ ከአሸዋዬ በስተሰሜን ካለው ማሳው ላይ ገና ጡብ ያራግፋል። ማረፊያ ቤቱ ሁለት ፎቅ ነው ብሎኝ አልነበር? ጠየቅኩት። ለአንቺው ደንበኞች ነው እኮ፣ ነፋሱ አጠገብ ይተኙ ብሎ ሳቀ። ወንድም ጥሩ ነው።

ሰኔ 19

የሦስተኛው ፎቅ ግድግዳ ቆመ። ባንዲራዋ ዛሬ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለች፤ ደግሞ ድንገት ተወራጨች። መልተሚውማ ያው ነው፤ ማዶ ባሕሩ አረፋ በአረፋ ሆኗል። የሞተው እኛ ካይት በምናነሣባት አሸዋ ላይ ብቻ ነው። ከተራራው ወዲህ ሌላው ዳርቻ ድንጋይ ነው፤ ወዴት እንሂድ?

ሄጄ ነገርኩት። ሁለቱን ፎቅ ነፋሱ በአናታቸው ያልፍ ነበር፣ ሦስተኛው ግን ገጨው፣ ሰባበረው አልኩት። ለኛ ደግሞ ከደካማ ነፋስ የተሰባበረ ይብሳል። ሲጋራውን እያጨሰ ሰማኝ።

"ነፋሱም ያንቺ ድርሻ ነበር እንዴ?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ድርሻ! አባዬ ሲያካፍለን እንደ ደሴታችን ልማድ ስንዴ የሚያበቅለው ማሳ ለወንዱ፣ ጨው የበላው አሸዋ ለሴቷ። ምን ይበቅልበታል ተብሎ። ሰፈሩ በሙሉ "ፎቲኒ ሸርጣን ትዝራ" እያለ ሳቀብኝ። ከዚያ አሸዋ ላይ እንጀራዬን ያወጣሁት በነፋሱ ነው። ሌላ ምን አለኝ?

ሰኔ 27

ሞኝ። የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሞኝ። ነፋስ ፍለጋ ለሚመጣ እንግዳ ቤት ሠርቶ ነፋሱን ይገድላል? ለእማዬ ብነግራት "ወንድምሽ ነው" አለች። መች ጠፋኝ።

ሐምሌ 8

ዲርክ ተሰበረ። ሆላንዳዊው፣ በየሐምሌው የሚመጣው፣ ከእኔ እኩል ይህን ባሕር የሚያውቀው። ካይቱን እንዳነሣ ነፋሱ ጠፋበት፣ ገመዱ ላላ... ከዚያ በሕንፃው ጥግ ዞሮ የመጣው ነፋስ አንጠልጥሎ አሸዋው ላይ ጣለው። ትከሻው ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

ሐኪም ቤት አብሬው ዋልኩ። ያንቺ ጥፋት አይደለም ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 11

ዛሬ ጭነት መኪና መጣ። ጡብ መስሎኝ ነበር። የባሕር ዳርቻ አልጋና ጃንጥላ ነው። ከጎጆዬ ፊት ለፊት፣ ዲርክ የወደቀበት ላይ ደረደሩት፤ የውሃው ጠርዝ የመንግሥት ነው፣ ልከለክል አልችልም።

ለካ ሞኟ እኔ ነኝ። ነፋሱ እንዲሞትለት ነው የሠራው!

አላፈረም። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ያንቺዎቹ አንዲት የአይብ ቂጣ ገምጠው ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ናቸው አለ፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ይተኛል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እዚህ ጃንጥላ ቆሞ አያውቅም፣ አሁን ይቆማል።

"ዲርክስ?" አልኩት።

"እኔ ነኝ ብረር ያልኩት?"

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ። ይህን የጻፍኩበት እስክሪብቶ ወረቀቱን ቀደደው።

ሐምሌ 12

ፈቃዱ ለሁለት ፎቅ ብቻ ነው። አገር ያውቃል፣ አገር ዝም ብሏል፤ ሁሉም በየጓሮው ያለፈቃድ የቀጠላት ክፍል አለችው። ግንባታ ቢሮ ሄጄ ብናገር ሦስተኛው ይፈርሳል። ግን ወንድሟን የከሰሰች ሴት እዚህ እንዴት ትኖራለች?

እማዬን ላማክር ሄድኩ። ቤቷ ከሕንፃው ሥር ነው። ግቢዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ቲማቲምና አይብ ትበላለች። በሐምሌ! ግቢ ውስጥ! ሻሿን አውልቃ። ዕድሜዋን ሙሉ በበጋ አሸዋ ከምግቧ ስትለቅም፣ በሯን በድንጋይ ስታስደግፍ የኖረች ሴት...

"ስሚ እስቲ" አለችኝ።

"ምኑን? ምንም አይሰማም።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

የመጣሁበትን ሳልናገር ተመለስኩ። አሁን በማን ልናደድ? በእሷም ተናደድኩ። ነውር ነው፣ ግን ተናደድኩ።

ነሐሴ 2

ተማሪ የለም። ሁሉም ከተራራው ጀርባ ወዳለው ባሕር ሄደዋል። ባንዲራዋን አላወርዳትም።

ነሐሴ 15

ፍልሰታ፣ በእኛ አቆጣጠር ዛሬ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ግቢ ጾም ፈታን። ፍየሉ ቀረበ፣ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ቅንጣት አይነቃነቅም። ያኩሚስ ብርጭቆውን አነሣና "ለጸጥታችን" አለ። ዘመድ ሁሉ ሳቀ።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት... ዲርክን፣ አልጋዎቹን፣ ፈቃዱን። ነገ ቢሮ እሄዳለሁ አልኩ።

"እናትሽን ነው ነፋስ ላይ የምትጥያት" አለኝ።

የሚወጋበትን ያውቃል።

እማዬ አፏን ጠረገች። "በእኔ አትነግድ" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ዝምታውን መቃብር ስገባ እጠግበዋለሁ፣ ቅርብ ነው። አንቺ ሂጂ፣ ነፋስሽን አምጪ።"

ያኩሚስ ቀና አላለም። ሌላውም ሰው ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ነሐሴ 16

ከሰስኩ።

ሰኔ 3፣ በዓመቱ

ክረምቱን ሙሉ ምንም አልጻፍኩም። ምን ልጻፍ? ቡና ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ያኩሚስ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ባለፈው ሳምንት የሦስተኛው ፎቅ የመጨረሻ ግድግዳ ሲወርድ ቆሜ አየሁ፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ንዴቴ አልበረደም። ለምን እዚህ አደረሰን? ለአልጋና ለጃንጥላ?

ዲርክ ይመጣል።

ከሰሜን፣ ሃያ አራት፣ እኩል። ባንዲራዋ አልታጠፈችም።

ከሰዓት እማዬ ጋ ሄድኩ። በሩ ይላተማል። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ቲማቲሟን በጨርቅ ሸፍናዋለች። ድንጋዩን ከግቢው አመጣሁና በሩን አስደገፍኩላት።